ሃምሳ ጊጋቢት በርካሽ መቀበያ፦ የፋይበር ኢንተርኔት ዋጋ የት ላይ ይወሰናል?

ስለ ስሚንቶ፣ ስለ ቆርቆሮና ስለ ቡና ዋጋ ማንበብ የለመደ የዚህ ገጽ ደንበኛ ዛሬ ስለ ብርሃን መቀበያ ስናወራ ቢያገኘን «ደግሞ ይኼ ምን ገበያ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ገበያ ነው፤ እንዲያውም ትልቅ ገበያ። በፋይበር የሚመጣ ኢንተርኔት ቤት ድረስ ሲገባ በየቤቱ አንዳንድ ሳጥን ይተከላል። ሳጥኑ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የሳጥኑን ዋጋ ከፍና ዝቅ ከሚያደርጉት ዕቃዎች አንዷ ደግሞ በውስጡ ያለችው፣ ከስንዴ ፍሬ የምታንሰው የብርሃን መቀበያ ናት።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የቤት ለቤት ፋይበር ፍጥነት ከ2.5 ጊጋቢት ተነስቶ ወደ 10፣ ከዚያም ወደ 25ና ወደ 50 ጊጋቢት እየወጣ ነው። ይህን ፍጥነት በራሷ የምትችል መቀበያ በየቤቱ ማስገባት ወጪው ከባድ ሆነ። ስለዚህ የዓለም የቴሌኮም ኢንዱስትሪ ሌላ ብልሃት መረጠ፤ ዘገምተኛዋን ርካሽ መቀበያ መግዛትና እሷ የምታደበዝዘውን ሲግናል በቺፕ ስሌት መልሶ ማቃናት። ብልሃቱ ኢኩዋላይዜሽን ይባላል።

ቃሉ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። ኢኩዋላይዘር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በቴፕ ሪከርደር ፊት ላይ ተደርድረው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱትን ቁልፎች ነው። ድምፁ ሲታፈን ቀጭኑን ከፍ፣ ወፍራሙን ዝቅ እናደርግ ነበር። በፋይበሩ ሳጥን ውስጥ የሚሠራውም በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ቁልፉን የሚያንሸራትተው ሰው ሳይሆን ቺፑ ራሱ መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አንዱ ለ64፣ ሌላው ለአንድ

በመጀመሪያ አሠራሩን እንይ። ከቴሌኮም ጣቢያ አንድ ቀጭን የመስታወት ክር ይነሳል። ክሩ ሰፈር ሲደርስ ስፕሊተር ወደሚባል ማከፋፈያ ይገባና ብርሃኑ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፋፈላል። ስፕሊተሩ ባትሪ የለውም፣ ማቀዝቀዣ የለውም፣ ሠፈሩ መብራት ቢጠፋበትም ግድ የለውም። «ፓሲቭ» የተባለው ለዚሁ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹ ኔትወርኩን በአጭሩ ፖን ይሉታል።

ግን ማከፋፈል ማሳነስ ነው። ለ64 የተከፈለ ብርሃን ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ቢበዛ 64ኛው እጅ ነው። የክሩ ርዝመት፣ ማያያዣውና ብየዳው ሲታከልበት በብዙ ቦታ ኔትወርኩ የሚታቀደው 29 ዴሲቤል ኪሳራ እንዲሸከም ተደርጎ ነው። በነጋዴ ቋንቋ፣ ከተላከው 800 እጅ የሚደርሰው አንድ እጅ ብቻ ነው ማለት ነው። ሰሚውም ይህን ጭላንጭል መስማት አለበት። ለዚህ የምትሠራው መቀበያ አቫላንሽ ፎቶዳዮድ ትባላለች፤ ብርሃን ሲነካት የሚነሳውን ኤሌክትሮን እዚያው ውስጧ አባዝታ ታወጣለች። ችግሯ ብዙ ባባዛች ቁጥር መዘግየቷ ነው። ጆሮዋ ሲሾል እግሯ ይከብዳል። ሁለቱንም በአንድነት የምትችል ትሠራ ቢባል ዋጋው ይንራል።

የሒሳቡ ቁልፍ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። ጣቢያው ውስጥ ያለው መሣሪያ ወጪው ለ64 ቤት ይካፈላል። ቤት ውስጥ ያለው ሳጥን ግን ወጪውን የሚጋራው የለም። ለስሌት ያህል (የገበያ ዋጋ መጥቀሳችን አይደለም) በጣቢያው መሣሪያ ላይ 64 ዶላር ቢጨመር ለአንድ ቤት የሚደርሰው አንድ ዶላር ነው። ያው 64 ዶላር በቤቱ ሳጥን ላይ ቢጨመር ግን በአንድ መስመር 4,096 ዶላር ይሆናል። አንድ ሚሊዮን ደንበኛ ያለው ኩባንያ በየሳጥኑ 10 ዶላር ቢቆጥብ 10 ሚሊዮን ዶላር አዳነ ማለት ነው።

ይህ ሒሳብ ለእኛ ባለሀብቶችም ሩቅ አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻ፣ አንዱ አክሲዮን በ300 ብር፣ ለሕዝብ ሽያጭ ሲቀርብ ከገዙት መካከል የዚህ ገጽ አንባቢዎች ይኖራሉ። የቴሌኮም አክሲዮን የያዘ ሰው ድርጅቱ ከትርፉ ምን ያህሉን ለመሣሪያ ግዢ መልሶ እንደሚያወጣ ማወቅ ይፈልጋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በብር ሲመነዘር ምን እንደሚመስል አስመጪው ያውቀዋል።

አንድ ቢት አራት ሚሊ ሜትር

ፍጥነት ሲጨምር የሚበላሸው ምንድን ነው? ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የጂ-ፖን ደረጃ ፍጥነቱ 2.5 ጊጋቢት ሲሆን፣ እያንዳንዷ ቢት (የ1 ወይም የ0 ምልክት) በክሩ ውስጥ ስምንት ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ትይዛለች። በ10 ጊጋቢት ሁለት ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። በ50 ጊጋቢት ግን አራት ሚሊ ሜትር ብቻ ነች። አራት ሚሊ ሜትር ላይ አራት ሚሊ ሜትር እየተከታተለ፣ አንዱ ከሌላው ሳይነካካ 20 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት።

ይነካካል። አንደኛው ምክንያት ራሱ መስታወቱ ነው። ከሌዘር የሚወጣው ብርሃን ፍጹም አንድ ቀለም አይደለም፤ ቀለሞቹም በክሩ ውስጥ እኩል አይሮጡም። ብርሃን ብዙ ሳይበተን የሚሄድበት ቀለም 1310 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ ያ ቦታ ግን ከቤት ወደ ጣቢያ በሚመጣው የጂ-ፖን ብርሃን ቀድሞ ተይዟል። ስለዚህ ለ50 ጊጋቢት ወደ ቤት የሚወርደው ብርሃን 1342 ናኖሜትር ላይ ቦታ ተሰጠው፤ እዚያ ደግሞ መጠነኛ መበተን አለ። በጣቢያ ምሪት ዘግይቶ የመጣ ሰው ዕጣ ነው የደረሰው። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ዘገምተኛዋ መቀበያ ናት፤ የመጀመሪያዋ ቢት ስሜት ሳይለቃት ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ይደርሱባታል።

መጋዘን በር ላይ ቆሞ ተሸካሚዎች የሚያስገቡትን የሚመዘግብ ሰው አስቡ። ጆንያ የተሸከመ ካለፈ 1፣ ባዶ እጁን ካለፈ 0 ይጽፋል። ተሸካሚዎቹ እየተራመዱ ሲገቡ አይሳሳትም። እየሮጡ ሲገቡ ግን ያለፈው ጆንያ ጥላ ከዓይኑ ሳይጠፋ ባዶ እጁን የገባውን «ጆንያ አለው» ብሎ ይጽፋል። ባለ መጋዘኑ ሁለት አማራጭ አለው። ወይ ዓይኑ ፈጣን የሆነ፣ ደመወዙ እጥፍ የሆነ መዝጋቢ መቅጠር፤ ወይም የያዘውን ሰው ስህተት ጠባይ አጥንቶ ማረም።

ማረሚያው በሦስት መልክ ይሠራል። የመጀመሪያው መዝጋቢው በአንድ እይታ ብቻ እንዳይወስን ማድረግ ነው። አሁን ካየው ላይ ጥቂት አስቀድሞ ያየውንና ጥቂት ቆይቶ የሚያየውን በተወሰነ ሚዛን ይቀንሳል። ሚዛኑ በትክክል ከተያዘ የጎረቤቶቹ ጥላ ተጣፍቶ የመሀሉ ብቻ ይቀራል። ቀላልና ርካሽ ነው። ጉድለቱን ግን የካሴት ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ቀጭኑን ድምፅ ስናጎላ ካሴቱ ውስጥ ያለው «ሽሽሽ» የሚለውም አብሮ ይጎላል። መቀበያዋ እጅግ ዘገምተኛ በሆነች ቁጥር ማቃናቱ ብዙ ማጉላት ይጠይቃል፤ ጫጫታውም አብሮ ያድጋል።

ሁለተኛው መልክ ካለፈው ውሳኔ መማር ነው። መዝጋቢው ያለፈው ሰው ጆንያ እንደነበረው ከወሰነ የዚያ ጆንያ ጥላ ስንት እንደሆነ ያውቃልና ከአሁኑ እይታ ላይ ይቀንሰዋል። ይኼ ጫጫታ አያጎላም። ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተሳሳተ የተሳሳተውን ጥላ ከሚቀጥለው ላይ ይቀንሳል፤ ስህተት ስህተትን እየጎተተ ተከታትሎ ይሄዳል።

ሦስተኛው በአንድ ተሸካሚ ላይ ጨርሶ አለመፍረድ ነው። የተከታታይ ሰዎችን መልክ በአንድነት አይቶ «ይህን ጥላ ሊፈጥር የሚችለው ከሁሉም የሚቀርበው ሰልፍ የትኛው ነው?» ብሎ ይመርጣል። ለዚህ የሚያገለግለውን የስሌት ዘዴ አንድሩ ቪተርቢ እ.ኤ.አ. በ1967 አሳትመውታል። ከሦስቱ ውጤቱ የተሻለ እሱ ነው፤ ግን ቺፑ ብዙ ይሠራል፣ ብዙ ይሞቃል።

ሚዛኑን ማን ይሞላዋል የሚለውም የቆየ ታሪክ አለው። በአሜሪካው የቤል ላቦራቶሪ ሮበርት ለኪ እ.ኤ.አ. በ1965 ራሱን የሚያስተካክል ኢኩዋላይዘር ለስልክ መስመር አስተዋወቁ። እኛም ሳናውቀው ሰምተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንተርኔት አገራችን ከገባ በኋላ በስልክ መስመር የተጠቀመ ሁሉ ሞደሙ ሲገናኝ የሚያሰማውን ጩኸትና ፍትጊያ ያስታውሳል። ያ ጩኸት በከፊል ሁለቱ ሞደሞች የታወቀ ምልክት እየተላላኩ የመስመሩን ጠባይ የሚያጠኑበት፣ ኢኩዋላይዘራቸውንም የሚሞሉበት ነበር። ዛሬ ያው ሥራ በብርሃን ላይ ከሚሊዮን ጊዜ በላይ በፈጠነ ሲግናል፣ ያለ ድምፅ ይከናወናል።

ለምን ቺፑ ይረክሳል?

«መቀበያዋን አርክሰው ቺፑን ካስወደዱት ምን ተረፈ?» የሚል ነጋዴ ትክክለኛ ጥያቄ ጠይቋል። መልሱ ያለው በአሠራራቸው ነው። የብርሃን ዕቃ አንድ በአንድ ይገጣጠማል፤ ብርሃኑ በትክክል እንዲያርፍ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልክ ይስተካከላል፤ የተበላሸው ይጣላል። ርካሽ የሚባሉት መቀበያዎች ትንሽ ክብ የብረት ቆብ ውስጥ የሚታሸጉት ናቸው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ቆቡና እግሮቹ ራሳቸው ሲግናሉን ስለሚያበላሹ ውድ መታሸጊያ ይጠየቃል። ቺፕ ግን ወጪው ንድፉ ላይ ነው። አንዴ ከተነደፈ አንድ ሚሊዮንኛው ቅጂ ከመጀመሪያው እጅግ ይረክሳል። ስለዚህ ችግሩን ከብርሃን ዕቃ ላይ አንስቶ ቺፕ ላይ መጫን ማለት ችግሩን በብዛት ሲመረት ወደሚረክስ ዕቃ ማዛወር ነው።

ሌላም አለ። ርካሽ ዕቃ ማለት ሌላ ሰው አስቀድሞ በብዛት የሚገዛው ዕቃ ነው። የቶዮታ ቪትዝ መለዋወጫ የትም ተፈልጎ የማይጠፋው መኪናው ስለበዛ ነው። በ25 ጊጋቢት የሚሠሩ የብርሃን ዕቃዎችም በየአገሩ ያሉ ግዙፍ የመረጃ ማዕከሎች በብዛት ስለገዟቸው ዋጋቸው ወርዷል። የቤል ላብስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ ከገበያ በተገዙ የ10 ጊጋቢት ዕቃዎች ብቻ በሁለቱም አቅጣጫ 25 ጊጋቢት አስተላልፈው 31.5 ዴሲቤል ኪሳራ መቋቋም እንደሚቻል አሳይተዋል። ያረጀ ዕቃ ዕድሜ ማስረዘም ይቻላል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ኢንዱስትሪው ለሁለት ተከፈለ። አይትሪፕልኢ የተባለው የመሐንዲሶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያጸደቀው ደረጃ በአንድ ቀለም 25 ጊጋቢት ይልካል፤ 50 ከተፈለገ ሁለት ቀለም ይደረባል። በዚያው ዓመት ኖኪያ ያለበት ቡድን ለ25 ጊጋቢት የራሱን ስምምነት አወጣ፤ የመረጃ ማዕከሎቹን ዕቃ እንዳለ ወስዶ ያለ ከባድ ኢኩዋላይዘር መጠቀም ነበር ሐሳቡ። የአሜሪካዋ ከተማ ቻተኑጋ የመብራትና ኢንተርኔት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዚህ መንገድ የ25 ጊጋቢት አገልግሎት ጀምሯል። የተባበሩት መንግሥታት የቴሌኮም ኅብረት፣ ማለትም አይቲዩ፣ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ያጸደቀው 50 ጊጋቢትን በአንድ ቀለም ነው። ይህ የአይቲዩ ደረጃ በቤቱ በኩል የ25 ጊጋቢት ደረጃ ያላት መቀበያ ከኢኩዋላይዘር ጋር ትሠራለች ብሎ የተነሳ ነው። ቻይና እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ባስታወቀችው የ10 ጊጋቢት ከተሞች የሙከራ ዕቅድ የያዘችው ይህን የ50 ጊጋቢት ቴክኖሎጂ ነው።

እንደ ጸሐፊው አመለካከት ቻይና የገባችበት ገበያ ውስጥ ዋጋ ይወርዳልና የአይቲዩው መንገድ በጊዜ ብዛት ሚዛን ይደፋል። ዛሬ ፈጥኖ ለሚፈልግ ግን 25ቱ ቀድሞ የደረሰ ዕቃ ነው። ሁለቱን አንዱ ቤት አንዱን፣ ጣቢያው ሌላውን አድርጎ ማናገር ግን አይቻልም፤ ደላላ «ሁለቱም ያው ነው» ቢል አይመኑ።

ከቤት ወደ ጣቢያ

እስካሁን ያወራነው ከጣቢያ ወደ ቤት ስለሚወርደው ነው። እዚያ ላኪው አንድ ነው፤ ሳያቋርጥ ይልካል፤ የቤቱ ሳጥን ሚዛኑን ለመሙላት በቂ ጊዜ አለው። ከቤት ወደ ጣቢያ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። 64 ቤቶች በአንድ ክር ስለሚናገሩ በየተራ፣ እያንዳንዱ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አንዱ ጣቢያው አጠገብ ነው፤ ሌላው 20 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የአንዱ ብርሃን ጠንካራ፣ የሌላው ጭላንጭል ነው። ለአንዱ የተሞላው ሚዛን ለሌላው አይሆንም። ጣቢያው በእያንዳንዱ ብልጭታ መጀመሪያ ላይ እንደ አዲስ ልማር ቢል ለመማሪያ የሚባክነው ጊዜ ለመሸጥ ከሚችለው ፍጥነት ላይ ይቀነሳል። ከመፍትሔዎቹ አንዱ የባለሱቅ የዱቤ መዝገብ ይመስላል፤ ተራ የሚሰጠው ጣቢያው ስለሆነ ቀጥሎ የሚናገረው ማን እንደሆነ ያውቃል፤ የዚያን ቤት የቀድሞ ሚዛን ከመዝገቡ አውጥቶ ይጠብቀዋል።

ይህ ሥራ ከባድ በመሆኑ ነው የአይቲዩ ደረጃ ሲወጣ ወደ ላይ የሚሄደው ፍጥነት በ12.5 እና በ25 ጊጋቢት ጀምሮ 50ው በኋላ የተጨመረው።

ከነጆንያው ነው ወይስ ተጣርቶ?

በመጨረሻ ሳጥኑ ላይ ስለሚጻፈው ቁጥር። ኢኩዋላይዘሩ ሁሉን አያቃናም። የ50 ጊጋቢቱ ደረጃ ከመቶ ቢት አንዱ ተሳስቶ ቢወጣ እንኳ ይፈቅዳል፤ የቀረውን የሚያርመው ከመረጃው ጋር አብሮ የሚላክ የማረሚያ ኮድ ነው። ይህ ልቅነት ነው ርካሿን መቀበያ የታደጋት። ግን ኮዱ ቦታ ይይዛል፤ ከ17,280 ቢት ውስጥ መረጃ የሚሆነው 14,592ቱ ነው። ስለዚህ «50» የሚለው ክብደት ከነጆንያው ነው። ሲጣራ 42 ጊጋቢት ገደማ ይቀራል። ያም ለ64 ቤት ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ ለእያንዳንዱ 650 ሜጋቢት ገደማ ነው። ብዙ ነው፤ ግን 50 ጊጋቢት አይደለም። የአፓርታማ ሕንፃ የሚሠራ ባለሀብት «በየቤቱ 50 ጊጋ» ብሎ ከማስተዋወቁ በፊት ይህን ሒሳብ ይሥራ።

ለሕንፃ ባለቤቶች ደስ የሚለው ነገር ግን የተቀበረው መስታወት የማይጣል መሆኑ ነው። የጂ-ፖን ብርሃን በ1490፣ የ10 ጊጋቢቱ በ1577፣ የ50ው በ1342 ናኖሜትር ስለሚወርዱ በአንድ ክርና በአንድ ስፕሊተር አብረው መኖር ይችላሉ። ጣቢያው ላይ ማጣመሪያ ይገባል፤ ፈጣኑን የሚፈልገው ቤት ሳጥኑን ይቀይራል፤ ጎረቤቱ በአሮጌው ይቀጥላል። ቁፋሮውና ገመዱ አንዴ የወጣ ወጪ ነው።

ሳጥን አስመጥቶ ለመሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ታዲያ አቅራቢውን ሲያነጋግር ስለ ፍጥነቱ ብቻ ጠይቆ አይመለስ። የብርሃን ኪሳራ መደቡ 29 ነው ወይስ 32 ዴሲቤል ይበል፤ በርካሽ የተሸጠ ዕቃ ብዙውን ጊዜ የሚያጥረው እዚህ ላይ ነውና፤ 32 ለሚጠይቅ መስመር የ29ኙን ያመጣ ሰው ዕቃውን ከነካርቶኑ ታቅፎ ይቀራል። ወደ ላይ የሚልከው 12.5፣ 25 ወይስ 50 እንደሆነና በየትኛው ቀለም እንደሚልክ ይጠይቅ፤ ቀለሙ በመስመሩ ላይ ካሉት አሮጌ ሳጥኖች ጋር ከተጋጨ ጎረቤት ሁሉ ይቋረጣል። ስንት ዋት እንደሚበላም ይጠይቅ። ኢኩዋላይዘሩ ሲግናሉን በሴኮንድ 50 ቢሊዮን ጊዜ እያነበበ ይሠራልና ይሞቃል፤ ስፕሊተሩ መብራት ባይፈልግም ሳጥኑ ይፈልጋል፣ በመጠባበቂያ ባትሪ ምን ያህል ሰዓት እንደሚቆይም በዚሁ ይወሰናል።